ሞተሩን አጥፍቶ የወረደው አብራሪ

ፍርሃት ዓይነቱ ብዙ ነው። ነብር ቢገጥማችሁ ትሮጣላችሁ፤ ቢደርስባችሁም እሱ ነብር ነው፣ ምን ይደረግ? የሰው ነፍስ በገዛ ምላሳችሁ ላይ ሲንጠለጠል ግን ወዴት ይሮጣል?

በጣሊያን ጊዜ ዲላ ውስጥ አስተርጓሚ ነበርኩ። ሚሲዮን ቤት የለቃቀምኳት ጣሊያንኛ እንጀራዬ ሆና፣ ፊት ለፊት «ጌታዬ»፣ ዞር ስል «ባንዳ» እየተባልኩ እኖር ነበር።

አንድ ቀን ከሰዓት በኋላ አንዲት ትንሽ አውሮፕላን ከከተማው በላይ ስታጓራ ቆየችና ድምጿ ድንገት ጠፋ። አብራሪው ሞተሩን አጥፍቶ እንደ ጭልፊት እየተንሳፈፈ ሊያርፍ፣ ጀግንነቱን ሊያሳየን አምሮት ኖሯል። ነፋሱን ግን ከኋላው አድርጎ ወደ ማረፊያው ሜዳ ገባ። ሜዳው አለቀ፤ እሷ አልቆመችም። እንሰቱን አጭዳ ከሽማግሌው ከጅግሶ የዋንዛ ዛፍ ጋር ተላተመች። ጅግሶና ጎረቤቶቹ ሮጠው አብራሪውን ጎትተው አወጡት። ክንዱ ተሰብሯል፤ ነፍሱ ግን አለች።

የማስተረጉምለት ጣሊያናዊ ካፒቴን ወታደሮቹን አስከትሎ ሲደርስ አብሬው ነበርኩ። አብራሪው አለቃውን ሲያይ ፊቱ አመድ መሰለ።

«ከታች ተኩሰው ጣሉኝ!» አለ።

በዚያ ዘመን ይህ ቃል ትርጉም አያሻውም ነበር፤ መንደር ይቃጠላል ማለት ነው። ያተረፉትን ሰዎች በመስመር አሰለፏቸው።

«ማን ነው የተኮሰው? ጠይቀው» አለኝ ካፒቴኑ።

ጠየቅሁ። ጅግሶ ቀስ ብሎ፣ «ልጄ፣ ጥይት ከሆነ ቀዳዳው የታል? ይሄ ሰውዬ ነፋስ ከጀርባ ይዞ ወረደ። አሞራ እንኳ እንዲህ አያርፍም» አለ።

እስቲ ፍረዱኝ! የሮማን መኮንን ከአሞራ አሳነሰው ብል ጅግሶም እኔም አለቅን።

«ጌታዬ፣ የጥይት ቀዳዳ ካለ ይመልከቱልን፣ ነፋሱም ከኋላ ነበር ይላሉ» አልኩ። አሞራውን ዋጥኩት።

ካፒቴኑ አውሮፕላኗን ሁለት ጊዜ ዞራት፤ ክንፏን ዳበሰ። ከጅግሶ ጎጆ ጣሪያ የሚወጣው ጭስ ወዴት እንደሚያጋድል ቀና ብሎ አየ። ከዚያ አብራሪውን አየው። አብራሪው መሬት መሬቱን አየ።

ግን የገዛ ወገኑን በእኛ ፊት እንዴት ያሳፍር? አህያውን ፈርቶ ዳውላውን እንዲሉ፣ ጉሮሮውን ጠርጎ ፈረደ፤ እኔም ተረጎምኩ። ዋንዛው በአውሮፕላን መንገድ ላይ ቆሞ ተገኝቷልና ይቆረጥ።

ጅግሶ መጥረቢያውን አንስቶ ወደ ዋንዛው ሄደ።

«አባቴ የተከለው ነው» አለኝ በሹክሹክታ። «ይሁን። ለዛፍ ልቅሶ አይቀመጡም።»