በሕግ ያልጠፋ እሳት

[የከተማው ምክር ቤት ጸሐፊ ቢሮ፣ አንደኛ ፎቅ። ረፋድ አምስት ሰዓት ሊሆን ነው። የጠዋቱ ስብሰባ ገና መበተኑ ነው። የእሳት አደጋ መኪና ሾፌር ከራሱ እስከ እግሩ ረጥቦ፣ ፊቱ ጥላሸት ለብሶ፣ አንድ ወረቀት በፌስታል ይዞ በሩ ላይ ይታያል።]

ጸሐፊ፦ ቁም! እግርህን እንዳታነሣ!

ሾፌር፦ አንሥቼዋለሁ እኮ ጌታዬ። የት ላሳርፈው?

ጸሐፊ፦ እዚያው ካነሣህበት!

ሾፌር፦ እዚያማ ውሃ ነው።

ጸሐፊ፦ ውሃውን ማን አመጣው? ዛሬ ጠዋት የተወለወለ ወለል ነው! በል ጫማህን አውልቅ።

ሾፌር፦ ካወለቅሁት ውስጡ ያለው በሙሉ ይፈሳል። አሁን እንኳ በልኩ ነው የሚንጠባጠበው።

ጸሐፊ፦ [ጎንበስ ብሎ ያሸታል] ቆይ፣ ቆይ! ይኼ አረንጓዴ ነገር ምንድን ነው?

ሾፌር፦ የሐይቁ ነው። ይሸታል እንጂ አይናከስም።

ጸሐፊ፦ የሐይቁ?! በውሳኔ ቁጥር አርባ አንድ የከለከልነውን ውሃ በጫማህ ሞልተህ ከልካዮቹ ቤት ድረስ ታመጣለህ? ድፍረትህ!

ሾፌር፦ ኧረ ደፍሬ አይደለም። እሳት ነበረ ጌታዬ። ጠዋት ሁለት ሰዓት ተኩል ላይ አንድ ኩሽና ተያያዘ። ወደ ዋናው ቤት ሊሻገር ሲል ደርሰን አጠፋነው። ይኸው ሪፖርቱ። እስከ ስድስት ሰዓት ማኅተም ካላረፈበት አለቃዬ ከመኪናዬ አውርዶ በር ጠባቂ ያደርገኛል። አሥራ ዘጠኝ ዓመት የነዳኋት መኪና ናት። ከሚስቴ ጋር እንኳ ገና አሥራ አራታችን ነው።

ጸሐፊ፦ ሆዴን አታባባኝ። እዚህ ቤት በሕግ ነው የሚሠራው።

ሾፌር፦ እሺ። ብቻ ጌታዬ፣ ቤቱ እኮ የ...

ጸሐፊ፦ [ሁለት ጆሮውን ይይዛል] ዝም! የባለቤቱን ስም እንዳትጠራ! አዲሱን አሠራር አልሰማህም?

ሾፌር፦ አልሰማሁም።

ጸሐፊ፦ ከየት ትሰማለህ፣ ሁሌ መኪና ሥር ተኝተህ! ጉዳዩ ተወስኖ፣ ተጽፎ፣ ማኅተም ካረፈበት በኋላ ነው ስም የሚሞላው። አምና ለአንድ የምክር ቤት አባል አክስት አጥር ሲባል መንገድ አጣመምን። ከዚያ ወዲህ በስም አልሠራም አልኩ። ሐሳቡ የራሴ ነው፤ ቆመው ነው ያጨበጨቡልኝ።

ሾፌር፦ እርስዎ ግን ቢያውቁት...

ጸሐፊ፦ ባውቅ አዳላለሁ! እኔም ሰው ነኝ። ስም ከሰማሁ ልቤ ይራራል።

ሾፌር፦ እኔም ይራራል ብዬ ነበር።

ጸሐፊ፦ በል ወደ ጥያቄው። [ቅጽ ያወጣል] ከሐይቅ ውሃ መቅዳት የሚፈልግ ሦስት ቀን ቀድሞ ያመለክታል። አመልክተሃል?

ሾፌር፦ እሳቱ መች ሦስት ቀን ቀድሞ ነገረኝ?

ጸሐፊ፦ «አላመለከተም።» ከሌላ ቦታ ለምን አልቀዳህም?

ሾፌር፦ ከየት? ቧንቧው እንደሆነ ደርቆ ሦስተኛ ሳምንቱ ነው። ሲከፍቱት ያስነጥሳል እንጂ ጠብ አይልለትም።

ጸሐፊ፦ ይኸውልህ፣ ሐይቁ ተበክሏል። ዓሦቹ ሆዳቸውን ወደ ላይ አድርገው ነው የሚንሳፈፉት። ብክለቱ ቢተላለፍስ?

ሾፌር፦ ወደ ማን? ወደ እሳቱ?

ጸሐፊ፦ ወደ ማንም!

ሾፌር፦ እሳቱ ቢታመምስ ምን አለበት ጌታዬ? እንዲሞት አይደል የፈለግነው?

ጸሐፊ፦ አይ አንተ! ሳይንስ አታውቅም። እኛ ናሙና ልከን አስመርምረናል።

ሾፌር፦ ምን አሉ?

ጸሐፊ፦ [ድምፁን ዝቅ አድርጎ] «ማንጎ አለበት» አሉ።

ሾፌር፦ ሐይቁ?!

ጸሐፊ፦ የተላከበት ጠርሙስ የጭማቂ ነበር። ሳይታጠብ ሄደ።

ሾፌር፦ ለምን አላጠባችሁትም?

ጸሐፊ፦ በምን ውሃ? [ጉሮሮውን ያጸዳል] ለማንኛውም፣ ማንጎው ከየት እንደመጣ የሚያጣራ ኮሚቴ አቋቁመናል። ሌላ የልዑካን ቡድንም ንጹህ ሐይቅ ያለው ከተማ ድረስ ሄዶ ዘጠኝ ቀን ጎብኝቶ መጥቷል።

ሾፌር፦ ጎሽ! እነሱ እንዴት አድርገው ነው ያጸዱት?

ጸሐፊ፦ ሽንት ቤታቸውን ወደ ሐይቁ አይለቁም።

ሾፌር፦ ይኸው ነው?

ጸሐፊ፦ ይኸው ነው። ለእኛ ከተማ ሁኔታ አይስማማም ብለን ተውነው።

ሾፌር፦ የዚህ ሕንፃ ሽንት ቤት ቱቦ እኮ ቀጥ ብሎ እዚያ ነው የሚገባው። ውሃ ስቀዳ ከጎኔ ነው የሚለቀቀው። ስብሰባ ያላችሁ ቀንማ አለመጠጋት ነው።

ጸሐፊ፦ እሱ የሌላ ኮሚቴ ጉዳይ ነው።

ሾፌር፦ የየትኛው?

ጸሐፊ፦ ገና ያልተቋቋመው።

ሾፌር፦ እሺ... ዛሬስ ለእኛ የውሃ መርጫ ቱቦ ተፈቀደልን? ያለን ተበጣጥሶ አለቀ። መንገደኛውን ሁሉ አጥቦ አጥቦ፣ እሳቱ ጋ የምትደርሰው ምራቅ ታህላለች።

ጸሐፊ፦ ከቱቦ የሚበልጥ ነገር አጸደቅንልህ። ሠላሳ ሜትር መሰላል!

ሾፌር፦ ምን ላይ ልወጣበት? ከከተማው ረጅሙ ቤት ይኼ ነው፤ እሱም አንድ ፎቅ ነው።

ጸሐፊ፦ ከተማው ሲያድግ ነዋ!

ሾፌር፦ እስኪያድግስ?

ጸሐፊ፦ አጋድመህ አስቀምጠው! ደግሞ ሌላም አለ። ሦስት ዓይነት ድምፅ ያለው ሳይረን።

ሾፌር፦ እሳቱን ያስደነግጠዋል?

ጸሐፊ፦ ሕዝቡን ያረጋጋል! «እየመጡላችሁ ነው» ይላል።

ሾፌር፦ ከመጣን በኋላስ ምን ይላል?

ጸሐፊ፦ [እንዳልሰማ ወረቀት ያገላብጣል] ወደ ጉዳያችን እንመለስ። ውሳኔ አርባ አንድ፣ አንቀጽ ሦስት። ያረቀቅሁት እኔ ነኝ፤ ጆሮህን ሰጥተህ ስማ። «በተከለከለው የሐይቅ ውሃ የተሠራ ማንኛውም ሥራ እንዳልተሠራ ይቆጠራል።» ባለፈው ሳምንት አንድ ባለ ታክሲ መኪናውን በሐይቁ አጥቦ እንደ መስተዋት ሲያብለጨልጭ ያዝነው። «አልታጠበም» ብዬ ጻፍኩ። ቆሻሻ መኪና በመንዳት ተቀጣ።

ሾፌር፦ እያብለጨለጨ?

ጸሐፊ፦ ዓይን ያታልላል ወንድሜ፤ ቃለ ጉባኤ አያታልልም።

ሾፌር፦ [ራሱን ያካል] እኔ ነገር ቶሎ አይገባኝም። የእኛ እሳትስ እንዴት ሊሆን ነው?

ጸሐፊ፦ በሐይቅ ውሃ ነው የጠፋው?

ሾፌር፦ አዎ፣ ጠፋ።

ጸሐፊ፦ እንግዲያው አልጠፋም።

ሾፌር፦ አመዱን በእጄ ዳስሼዋለሁ። ቀዝቅዟል።

ጸሐፊ፦ እየነደደ ነው!

ሾፌር፦ ሄጄ ልለኩሰው ታዲያ?

ጸሐፊ፦ ምን ትለኩሳለህ፣ እየነደደ ነው እያልኩህ! አንተ ሰውዬ፣ ጭንቅላትህ ውስጥም ቧንቧው ደርቋል እንዴ? [ብዕር አንሥቶ እየጻፈ ጮክ ብሎ ያነባል] «ቃጠሎው እስከዚህ ሰዓት ድረስ በመንደድ ላይ ይገኛል።» የሚነድ ቤት ምን ይደረጋል? መብራት ይቆረጥበታል፣ ነዋሪ ይወጣል፣ በሩ ይታሸጋል።

ሾፌር፦ እስከ መቼ?

ጸሐፊ፦ ንጽሕናው በምርመራ በተረጋገጠ ውሃ በይፋ እስኪጠፋ ድረስ።

ሾፌር፦ እንዲህ ያለው ውሃ መቼ ይመጣል?

ጸሐፊ፦ ኮሚቴው ሁለት ዓመት ይሰጠኝ ብሏል።

ሾፌር፦ ኧረ ጌታዬ፣ እባክዎ! ቤቱ ሚስትና ሦስት ልጆች የሚኖሩበት ነው። አሮጊት አማትም አሉ፣ ከነአልጋቸው ነው ተሸክመን ያወጣናቸው። ባልየው ምስኪን፣ እስካሁን ወሬውን እንኳ አልሰማም። ሥራ ላይ ነው።

ጸሐፊ፦ ቤቱ እየነደደ እሱ ሥራ ላይ? አየህ! የራሷ እያረረባት የሰው ታማስላለች ማለት ይኼ ነው። ይቺን ከተማ የጎተታት እንዲህ ያለው ሰው ነው!

ሾፌር፦ ኧረ አይፍረዱበት። እንደ እርስዎ ሥራውን የሚወድ ሰው ነው።

ጸሐፊ፦ እንደኔማ ቢሆን ኩሽናው አይነድም ነበር! የኔ ቤት ሂድና እይ፤ ሁሉ ነገር በሥርዓት ነው።

ሾፌር፦ አይቼዋለሁ። አሮጊቷስ ታዲያ የት ይግቡ?

ጸሐፊ፦ ሕግ አማት አያውቅም። ባልየው ሥራ ከወደደ መሥሪያ ቤቱ ወስዶ ያስተኛቸው! [ይጽፋል] «አማትን በሚመለከት፣ በአማቻቸው መሥሪያ ቤት ይረፉ።»

ሾፌር፦ እግዜር ይስጥልን። አንዲት ጥያቄ ብቻ፤ እሳቱ እየነደደ ከሆነ፣ እኔ አላጠፋሁም ማለት ነው?

ጸሐፊ፦ አላጠፋህም።

ሾፌር፦ ካላጠፋሁ ውሃውን ምን አደረግሁበት?

ጸሐፊ፦ [ያመነታል] ምንም። በሕግ ዓይን... ምንም አላደረግህበትም።

ሾፌር፦ እሳት እየነደደ ደግሞ ሾፌር ከመኪናው ይወርዳል?

ጸሐፊ፦ ምን ማለትህ ነው! እሳት እየነደደ ከመኪናው የወረደ ሾፌር ይታሰራል!

ሾፌር፦ እሷን ይጻፉልኛ። እኔ እረሳለሁ።

ጸሐፊ፦ ሁሉን ነገር በጽሑፍ ካልሰጡህ አይገባህም አይደል? [ይጽፋል] «ቃጠሎው በይፋ እስኪጠፋ ድረስ ማንም አለቃ ሾፌሩን ከመኪናው ሊያወርድ አይችልም።» ገባህ? [ማኅተሙን በኃይል ይመታል፤ ጠረጴዛው ይንቀጠቀጣል] አለቀ! ከዚህ በኋላ አባቴም ከመቃብር ተነሥቶ ቢለምነኝ አልለውጠውም። አሁን ስሙን ንገረኝ፣ ልሙላው።

ሾፌር፦ የባለቤቱን?

ጸሐፊ፦ የማንን ልትነግረኝ ነበር?

ሾፌር፦ ሙሉ ስምዎን እኔ አላውቀውማ። እዚህ ሁሉም «ጸሐፊው» ነው የሚልዎት። ራስዎ ይሙሉት።

[ጸሐፊው ብዕሩን ወረቀቱ ላይ እንዳስቀመጠ ይደርቃል።]

ጸሐፊ፦ የ... የኔ? የኔ ኩሽና?

ሾፌር፦ አዎ። ዋናው ቤት ምንም አልሆነም። በሩም ደህና ነው፤ ለማሸግ አያስቸግርም።

[ጸሐፊው መሳቢያ ከፍቶ ለስብሰባው ያጠፋውን ስልክ ያበራል። ስልኩ እጁ ላይ መንጫጫት ይጀምራል። ሾፌሩ ማኅተም ያረፈበትን ወረቀት ከጠረጴዛው ያነሣል።]

ጸሐፊ፦ ሃያ ሦስት ጊዜ ደውላለች! ጉዴ ፈላ! አንተ፣ ምነው አልነገርከኝም?!

ሾፌር፦ ልነግርዎት አፌን ስከፍት ጆሮዎን ያዙ።

ጸሐፊ፦ ወረቀቱን አምጣ! እቀደዋለሁ!

ሾፌር፦ [ወረቀቱን በፌስታሉ ጠቅልሎ ደረት ኪሱ ይከታል] ማኅተም ያለበት ነው ጌታዬ፤ ያስጠይቅዎታል። ባለቤትዎ፣ ልጆቹና እማማ ታች መኪናው ላይ ናቸው። የት እንደማደርሳቸው ጨንቆኝ ነበር። ያን ሶፋ ወደ መስኮቱ ብናስጠጋው እማማ አየር ያገኛሉ።

ጸሐፊ፦ እማማ እዚህ?! አምላኬ! [ቢሮው ውስጥ ይንቆራጠጣል] ንጹህ ውሃ... ንጹህ ውሃ ከተገኘ በይፋ ይጠፋል! [ከስብሰባው የተረፈ የታሸገ ውሃ ካርቶን አቅፎ ያነሣል] ይኸው! ይኼ የተመረመረ ነው! ማኅተምም አለው! ና፣ ቶሎ በል፣ ሞተሩን አስነሣ!

ሾፌር፦ ምን ልናደርግ?

ጸሐፊ፦ ልናጠፋ ነዋ!

ሾፌር፦ ጠፍቷል እኮ ጌታዬ።

ጸሐፊ፦ እየነደደ ነው አልኩህ! ቤቴ እየነደደ ነው! [ካርቶኑን እንዳቀፈ ይወጣል፤ ከደረጃው ላይ ጩኸቱ ይሰማል] እሳት! ኧረ የሰው ያለህ! እሳት!

[ሾፌሩ በመስኮቱ ቁልቁል ያያል። ጸሐፊው መኪናውን አልፎ፣ ጠርሙሶቹን እያንጠባጠበ በመንገዱ መሐል ይሮጣል።]

ሾፌር፦ አሥራ ዘጠኝ ዓመት ሙሉ፣ ቤት ሲነድ እንዲህ የሮጠ ባለሥልጣን አላየሁም። ለካ እነሱ የሚሮጡት ከጠፋ በኋላ ነው!