በፈረስ የሚያርሰው ሰውዬ

ግድግዳ የሚያጌጠው ለባለቤቱ አይደለም፣ ለእንግዳ ነው። እውነቴን ነው! ባለቤቱማ ከሥራ ድክም ብሎት ይገባል፣ ሶፋው ላይ ይዘረጋል፣ ዓይኑን ከስልኩ አይነቅልም። ግድግዳ የሚያየው እንግዳ ነው፤ በተለይ ወሬ ያለቀበት እንግዳ። እናንተስ ብትሆኑ፣ ሰው ሳሎን ውስጥ ቁጭ ብላችሁ ነገሩ ዝም ዝም ሲሆን ምን ታያላችሁ? የምረቃ ፎቶ ነዋ! "ምን አጠና?" ትላላችሁ። "ነርሲንግ" ይባላል። አለቀ።

በሰው አገር፣ ኖርክሮስ በምትባል ከተማ ባለችው አፓርታማዬ ግን የምረቃ ፎቶ የለም። ያልተመረቀ ሰው ምን ይስቀል? በስልክ ታክሲ መጥራት ገና ብርቅ በነበረበት በዚያ ሰሞን፣ ፓይን ሌክ በሚባል ሰፈር አንዲት አሮጊት ያርድ ሴል ብለው አሮጌ ዕቃቸውን ደጅ ዘርግተው ሲሸጡ አየሁና መኪናዬን ፓርክ አድርጌ ወረድኩ። የጠረጴዛ ፊት የሚያህል የስዕል ቅጂ ይዤ ተመለስኩ። በዛሬዋ ቤልጅየም አካባቢ የኖሩ ፍሌሚሽ የሚባሉ የጥንት ሠዓሊዎች ነበሩ፤ ንጉሥና መልአክ መሳል ሰልችቷቸው መሰለኝ ባላገሩን ከነመንደሩ ይስሉታል። በገዛሁት ስዕል ላይም እዚህ አንዱ ያርሳል፣ እዚያ ይታጨዳል፣ አንዱ ይጨፍራል፣ አንዱ ድርቆሽ ላይ ተጋድሞ ያንኮራፋል፣ አንዷ አሳማ ታባርራለች። ጥግ ላይ ደግሞ አንድ ጨዋ ፊቱን ወደ ግንብ አዙሮ ሽንቱን ይሸናል። ወደድኩት፣ ስዕሉን ማለቴ ነው።

ታዲያ አንድ ቅዳሜ ሽማግሌ ሊመጣብን ሆነ። የምትጠየቀው ታናሽ እህቴ ሜሮን ናት። ልጁ ናሆም ይባላል፤ ሆስፒታል ይሠራል፣ ቅን ነው፣ ሳቂታ ነው፣ ጴንጤ ነው። የመጨረሻዋ ላይ ነው ነገር የተበላሸው። እኛ ኦርቶዶክስ ነን፤ ከእኛ ይልቅ ደግሞ ጋሼ ተሰማ። ጋሼ የእናታችን ወንድም ናቸው፤ እናት አባታችን ካረፉ ወዲህ ያሳደጉን፣ የቆጡንም የመረቁንም እሳቸው። "ለጴንጤ? እኔ በቁሜ?" ብለው ጨርሰዋል። ሜሮን በበኩሏ "ያለ ጋሼ ምርቃት አላገባም፣ ይቅር" ብላ ስታለቅስ ነው የሰነበተችው። አንጀቴን በላችው።

ጠዋት ቤት ሳሰናዳ ግንቡ ሥር ያለው ሰውዬ ትዝ አለኝ። የቤተ ክርስቲያን ሰው ሊመጣ እሱ እዚያ ቆሞ ይሸናል! ስዕሉን ላወርደው ስል ከኋላው ያለው ግድግዳ ተቦርቡሯል። ምን ይደረግ? ሙዝ ላይ የምትለጠፈውን፣ ሙዝ የተሳለባትን ስቲከር ላጥኩና ሰውዬው ላይ ለጠፍኩበት።

መጡ። ከፊት የቆሙት አቶ ማቴዎስ ናቸው፤ ዱሉዝ ያለው የናሆም ቤተ ክርስቲያን ሽማግሌ፣ ከራባታቸው ጉሮሯቸው ድረስ የተሳበ። "የመጣንበትን ሳንናገር አንቀመጥም" ብለው ተናገሩ። ጋሼ ተሰማ "ሰምተናል፤ ተቀመጡ" አሉ። ከዚያማ ወሬ አለቀ። ኤይቲፋይቭ አውራ ጎዳና ላይ ያለውን የመኪና ጭንቅንቅ አነሳሁ። ሜሮን ጓዳ ሆና ጆሮዋን በሩ ላይ ለጥፋለች። ጋሼ ጉሮሯቸውን ጠረጉ። ያቺን "አይሆንም" ሊያወጧት እንደሆነ ገባኝ።

ይሄኔ አቶ ማቴዎስ ከወንበራቸው ብድግ አሉ። ለካ ግድግዳ ሲያዩ ኖሯል!

"ኧረ ጉድ! ይሄ ሰውዬ በፈረስ ነው እንዴ የሚያርሰው?"

"በምን?" አሉ ጋሼ፣ መነጽራቸውን እየፈለጉ።

"በፈረስ! ይኸው ጠምዶት!"

"በስመ አብ! ፈረስ? ምን ያለው ነውረኛ ነው?"

ሁለቱም አፍንጫቸው ስዕሉን እስኪነካ ተጠጉ። መንደሩን ቤት ለቤት ዞሩት። የተኛውን ሰነፍ ሰደቡት፣ የእህሉን አያያዝ አሙት፣ ጨፋሪዎቹን "ሥራ ፈቶች" አሏቸው። መቼም በጎረቤት ሐሜት የሃይማኖት ልዩነት የለም። ከዚያ የጋሼ ጥፍር ስቲከሯ ላይ አረፈች።

"ይሄ ሙዝ ምንድን ነው?" ብለው ላጧት።

መሬት ተሰንጥቃ ብትውጠኝ! ሁለቱ ሽማግሌዎች ተያዩ። ከዚያ ጋሼ ፈነዱ፤ አቶ ማቴዎስ ከራባታቸውን እያላሉ ግድግዳውን ተደግፈው ሳቁ።

"ቆይ ግን" አሉ ጋሼ እንባቸውን እየጠረጉ ወደ አራሹ ተመልሰው፣ "በሬ ቢያጣ እንኳ ጎረቤት የለውም? የኔ አባት አንድ በሬ ብቻ የቀረው ጊዜ ከሙስሊም ጎረቤታችን በሬ ጋር እያቀናጀ ነበር የሚያርሰው። ሁለቱም ቤት ጠግቦ አደረ። በሬ ሃይማኖቱ አይጠየቅ!"

አቶ ማቴዎስ ሳቃቸውን ዋጥ አደረጉ።

"እኛም እኮ፣ ጋሽ ተሰማ፣ አንድ ወይፈን ይዘን ነው ደጅዎ የመጣነው።"

ጋሼ በገዛ አፋቸው ተይዘዋል። ስዕሉን አዩ፣ አቶ ማቴዎስን አዩ።

"ገራም ነው?" አሉ በመጨረሻ።

"እጅግ ገራም!"

"እንግዲያው ይሁን። እግዚአብሔር ይባርካቸው።"

የጓዳው በር ተበረገደ። ልጅቷ ወግ የለ፣ ሥርዓት የለ! "ላይክ፣ እኔ በሬ ነኝ ማለት ነው?" ብላ በዚያ በእንግሊዝኛ ጉራማይሌዋ ጮኸች፣ እያለቀሰችም እየሳቀችም።

"ዝም በይ አንቺ!" አሉ ጋሼ። "ተጠምደሻል።"

ቤቱ ውስጥ ሌላ ሴት ስላልነበረች እልልታውን ያቀለጠችው ራሷ ሙሽራዋ ናት።