እመት ወለተ ሰንበት እና ሰነፉ ክንዴ

ማንም ሳይሾማቸው የሚያዝዙ እመቤት የሌሉበት መንደር በጎጃም አይገኝም። የሰው ወጥ ቀምሰው ጨው ይጨምራሉ፤ የሰው በሬ ሲጠመድ «ቀንበሩ ጠመመ» ይላሉ፤ ለቅሶ መጥተው አልቃሹን «እንዲህ አይለቀስም» ብለው ያርማሉ። በእኛ በአምበር ይህን ሹመት የያዙት ጎረቤቴ እመት ወለተ ሰንበት ነበሩ። ጣልያን ደብረ ማርቆስ ገብቶ ስንቱን ሲያዝዝ፣ እርሳቸውን የሚያዝዝ ግን አልተገኘም።

በእጃቸው የወደቅሁት በዚያው በጣልያን ጊዜ ነው። አውድማ ላይ ጤፍ ስናበራይ፣ መንሹን እንዳነሣሁ ቀኝ ጎኔ ከዳኝ፤ አፌም ተጣመመ። ውሎ አድሮ እግሬ መለስ አለ፤ ምላሴም ተፈታ፤ ክንዴ ግን እንደ እርጥብ ጨርቅ ተንጠልጥሎ ቀረ። ጎረቤቱ እየመጣ «እግዜር ያውቃል» እያለ ይተክዛል። ባለቤቴ ታየች ታጎርሰኛለች። እኔም ገበሬ ያለ ቀኝ እጅ ምን ሊሆን ነው ብዬ ፊቴን ወደ ግድግዳው አዞርሁ።

እመት ወለተ ሰንበት ሲገቡ «እግዜር ይማርህ» እንኳ አላሉኝም። ክንዴን አንሥተው ለቀቁት፤ ዱብ አለ።

«ይኸን ማን ተኛ አለው?»

«ሞቷል እኮ፣ እመት» አልሁ።

«እጅ ይሰንፋል እንጂ አይሞትም!»

ወዲያው መቀነታቸውን ፈትተው ደህናውን ግራ እጄን ከወገቤ ጋር አሰሩት። ታየችንም «እንዳታጎርሺው! ይራበውና እጁ ይንቃ» ብለው አዘዟት።

ከዚያ ወዲያ ኑሮዬ የወታደር ኑሮ ሆነ። ጠዋት የወተቱን ቅል ሰቅለው «ናጥ!» ይሉኛል። ጣቶቼ ስለማይጨብጡ በጨርቅ ከቅሉ ጋር ያስሯቸዋል፤ ክንዴ ቅሉን ይናጠው፣ ቅሉ ክንዴን ይናጠው አይታወቅም። ከሰዓት ሽንብራ በሰፌድ ዘርግተው አንድ በአንድ ያስለቅሙኛል። ከለቀምሁት የበተንሁት ይበልጣልና በዚያ በጋ የወፈሩት የእርሳቸው ዶሮዎች ብቻ ናቸው። ከዚያ ቅቤ ቀብተው ከትከሻዬ እስከ ጣቴ ሲያሹኝ ጩኸቴ እስከ ገበያው ይሰማል።

«ጩኽ! ካመመህ በሕይወት አለ።»

የንስሐ አባቴ አባ አካለ ወልድ ሊያስጥሉኝ መጡ።

«እመት፣ በሽተኛ ይረፍ እንጂ!»

«አባ፣ ጌታ እጁ የሰለለችውን ሰው ‹እጅህን ዘርጋ› አለው እንጂ ‹ተኛ› አለው እንዴ?»

አባ ሳቁ። ከዚያም መስቀላቸውን ከራሴ በላይ ከፍ አድርገው፣ «በል ልጄ አስማማው፣ በቀኝ እጅህ ድረስበትና ተሳለም» አሉኝ። ሁለት ሆኑብኝ።

አንድ ቀን ተማርሬ «ምን በድዬዎት ነው?» ብዬ ጮኽሁባቸው። ማሸታቸውን አላቆሙም።

«ባሌንም እንዲህ መታው» አሉ። «ይረፍ አሉኝ፤ አሳረፍሁት። ክንዱ ደርቆ፣ ከደረቱ ተጣብቆ ተቀበረ።»

ከዚያ በኋላ አፌን ዘግቼ ናጥሁ።

ክረምቱ ሲገባ ጣቶቼ ማንኪያ መያዝ፣ ክንዴም እስከ ደረቴ መነሣት ጀመሩ። በዚያው ሰሞን የጣልያን ጦር «አርበኛ ደብቃችኋል» ብሎ መንደሩን ሊያቃጥል መጣ። ሁላችንም ወደ ገደሉ ሸሸን። ቁልቁል ስንወርድ ዝናብ ያራሰው መሬት እመት ወለተ ሰንበትን አንሸራተታቸው። እኔ በግራ እጄ የዋንዛ ሥር ይዣለሁ። ሳላስበው ቀኙን ዘረጋሁና የእጃቸውን አንጓ ጨበጥሁ። ከበታቻቸው ገደሉ አፉን ከፍቷል፤ እርሳቸው ግን ተንጠልጥለውም ያዝዛሉ።

«ጣትህን እጠፍ! አውራ ጣትህንም! ትከሻህን ሳብ!»

ሳብሁ። ክንዴ ተንቀጠቀጠ፤ ግን አልለቀቀም። ታየች ደርሳ ቀሚሳቸውን ያዘች፤ አብረን አወጣናቸው።

ሣሩ ላይ ተቀምጠው ትንፋሻቸውን ሰበሰቡ። እጄን አገላብጠው አዩት።

«ቀኙ ነው?»

«ቀኙ ነው፣ እመት።»

አልቅሰው የማያውቁት ሴትዮ አለቀሱ። ጠላት ከበላያችን ስላለ እልል ማለት አይቻልም፤ ታየች ነጠላዋን አፏ ላይ አፍና እልል አለች፤ ሌሎቹም ሴቶች ተከተሏት። ከዚያ የበለጠ እልልታ ሰምቼ አላውቅም።

ጣልያን ከወጣ ወዲህ እርፌን ጨብጬ አርሳለሁ። እመት ወለተ ሰንበት መርጡለ ማርያም ልጃቸው ዘንድ ገብተዋል። ሰፈርተኛው «ተገላገልን» ይላል፤ እኔም አብሬ እላለሁ። ባለፈው ሳምንት ግን በቅሎዬን ጭኜ፣ «ራቅ ያለ አገር ጉዳይ አለኝ» ብዬ ተነሣሁ። ምንም ጉዳይ የለኝም፤ ድምፃቸው ናፍቆኝ ነው።

ታየች የት ነው ብላ እንኳ አልጠየቀችኝም።

«ጉልበታቸውን ሳምልኝ» አለችኝ።