ላት የሌለው በግ በአረቄ ጠርሙስ ላይ

አረቄን ሳይቀምሱ በጠርሙሱ ወረቀት ብቻ የሚፈርዱ ሰዎች ገጥመዋችሁ ያውቃሉ? እኔ አንዱን መንዝ ውስጥ፣ መሐል ሜዳ ከተማ አግኝቼዋለሁ። ተደራጅታችሁ ሥሩ በተባለበት ዘመን እትዬ አስካለና ጓደኞቻቸው የገብስ አረቄ በጠርሙስ ሊሸጡ ተነሡ፤ የወረቀቱን ንድፍ የሚገመግም ባለሙያም ከዞን መጣላቸው።

ባለሙያው ጠርሙሱን ወደ መስኮቱ አንሥቶ አገላበጠው። «የቀለም ስብጥሩ ግሩም ነው፤ የፊደሉ አጣጣል ዘመናዊ ነው፤ ኅትመቱም ጥርት ያለ ነው» አለ። ሰው አረቄ ይዞ ይህን ሁሉ ሲናገር እንዴት ጉሮሮው አይደርቅም?

እትዬ አስካለ ግን ወረቀቱ ላይ የታተመውን በግ አተኩረው አዩና «አንተ ልጄ፣ የዚህ በግ ላቱ የት አለ?» አሉት።

«ምልክት ብቻ እኮ ነው፣ እትዬ።»

«ጭራው እንደ ውሻ የቀጠነ በግ ለጥፌ የመንዝ አረቄ ነው ብል ማን ያምነኛል?»

ወረቀቱ ታትሞ አልቋል። ሴቶቹ እስክሪብቶ አነሡና ለእያንዳንዱ በግ ላት ሣሉለት። ባለሙያው «ንድፉ ተበላሸ!» ብሎ ራሱን ያዘ። እውነትም አንዳንዱ ላት ከበጉ በልጦ የአረቄውን ስም ሸፍኖት ነበር።

በገበያው ቀን ስሙን የጠየቀ የለም። ገዢው ሁሉ «ያንን ላታሙን ስጡኝ» ይላል። ከቀትር በፊት ሁለት ጠርሙስ ብቻ ሲቀር ባለሙያው መጣ። ሁለቱንም አገላብጦ አወዳደረና ላቱ የሚበልጠውን ገዛ።

ሳይቀምስ ነዋ!