ሦስት ሽማግሌዎችን ለሳር ጥላ ያደረግሁበት ቀን

ዛሬ ያደረግሁትን ብነግራችሁ "ውሸቱን ነው" ትሉኛላችሁ። ግን ሦስት ምስክሮች አሉብኝ። ሦስቱም በላብ ርሰው ነው ወደ ቤታቸው የሄዱት!

እሺ፣ ከመጀመሪያው ልጀምር።

ፍሬሽማን ነኝ። ቅዳሜና እሑድ ከዶርም ወጥቼ ሰባታሚት የሚባል ሰፈር አክስቴ ቤት አድራለሁ። የቤት ምግብ የምበላበት ቤት ስለሆነ የታዘዝሁትን ሁሉ እሠራለሁ። ያልታዘዝሁትንም እሠራለሁ።

ጣጣዬ ሁሉ የሚመጣው ካልታዘዝሁት ነው።

አክስቴ የሺ ግቢዋ ውስጥ አርቴፊሻል ሳር አንጥፋለች። ውሃ አይልም፣ አጫጅ አይልም፣ ዓመቱን ሙሉ አረንጓዴ! አንድ ቀን የጎረቤት በግ ገብቶ ቀመሰውና አንገቱን ደፍቶ ወጣ። አክስቴ እስከ ዛሬ ለመጣው እንግዳ ሁሉ ታወራዋለች። "በጉ እንኳ የእውነት መስሎት!"

ዛሬ ደግሞ ለልጇ ለህይወት ሽማግሌ የሚመጣበት ቀን ነበር።

ህይወት ይህን ቀን ሁለት ዓመት ጠብቃለች። የምትወደው ልጅ ጎበዝ ነው፤ ጣና ላይ የጀልባ ሞተር ይጠግናል። አባቷ ጋሼ ሞላ ግን "ውሃ ላይ የሚውል ሰው አይጨበጥም" እያሉ ልባቸውን አልከፈቱም። ሽማግሌዎቹ ከተቀየሙ፣ ወይም ጋሼ ሞላ አንዲት ሰበብ ካገኙ፣ ነገሩ አበቃ ማለት ነው።

ትናንት ህይወት እጄን ይዛ "ሙሌ፣ ነገ ምንም ነገር እንዳይበላሽብኝ። አደራ!" አለችኝ።

አደራ! ለእኔ!

ወዲያው መስኮት ማጠብ ጀመርሁ።

የአክስቴ ቤት መስኮት ከውስጥ ውጭውን የሚያሳይ፣ ከውጭ ግን የራሳችሁን ፊት የሚመልስላችሁ ዓይነት መስታወት ነው። መንገዱ ኮረኮንች ስለሆነ ከተገጠመ ጀምሮ አቧራ ለብሶ ነው የኖረው። እኔ ታታሪው መሰላል ተውሼ፣ በአቼቶና በጋዜጣ፣ የፎቁን ሳይቀር ወለወልሁት። ወፍ እስኪጋጭበት ድረስ!

ከዚያ በኩራት ተኛሁ።

ዛሬ ጠዋት ከቤተ ክርስቲያን ስንመለስ አክስቴ ጮኸች። ሳሩ መሀል ላይ ክንድ የሚያህል መስመር ተሰምሯል። ቅጠሉ ተጨማዶ፣ ቀልጦ፣ እርስ በርሱ ተጣብቋል!

አክስቴ ዘወር ብላ ባሏን አየቻቸው። ጋሼ ሞላ ሲጋራ ትተዋል። ትተዋል ይባላል።

"በጊዮርጊስ፣ እኔ አይደለሁም!"

"ጊዮርጊስን ተወው! ታዲያ ማን ነው? በጉ ነው ያጨሰው?"

ተንበርክኬ በእጄ ነካሁት። ፈጀኝ! ቀና ስል የፎቁ መስኮት የጠዋቷን ፀሐይ ተቀብሎ ቀጥ አድርጎ ሳሩ ላይ ይደፋታል። ፊዚክስ እኮ ተምሬያለሁ! ብርሃን በገባበት አንግል ልክ ተመልሶ ይወጣል። ሳሩን እስከ ዛሬ ያዳነው አቧራው ነበር። አቧራውን ያነሳሁት ደግሞ... እኔ።

ለማንም ትንፍሽ አላልሁም።

ስልኬን አውጥቼ መፍትሔ ፈለግሁ። አንዱ "ሳሩ ላይ ውሃ አርከፍክፉ፤ ይቀዘቅዛል" ይላል። የምን ውሃ? ቧንቧው ከሐሙስ ጀምሮ ደርቋል። ጣና አጠገብ ተቀምጠን! ሌላው ደግሞ "መስኮቱን ከውጭ በኩል በመረብ ሸፍኑት፤ ጨረሩን ይበትነዋል" ይላል።

መረብስ አለኝ። የአልጋዬ አጎበር!

መሰላል ላይ ወጥቼ ሰቀልሁት። ሠራ! ሳሩ ላይ የነበረው ነጸብራቅ ደበዘዘ። በደስታ ላለቅስ ምንም አልቀረኝም።

አክስቴ ከታች ሆና "አንተ! ሽማግሌ ሊመጣ መስኮት ላይ አጎበር? ወባ የገባበት ቤት ነው እንዲሉን ነው? አውርድ!" አለች።

አወረድሁ። እኔ አውርድ ከተባልሁ አወርዳለሁ።

ወዲያው በር ተንኳኳ።

ሦስት ሽማግሌዎች ነጭ በነጭ ለብሰው ገቡ። ከፊት ሰፈሩ ሁሉ የሚያከብራቸው አለቃ ጥበቡ ናቸው፤ ጥቁር ጃንጥላ ክንዳቸው ላይ አንጠልጥለዋል።

ሥርዓቱን ታውቁታላችሁ። ሽማግሌ መልስ ሳያገኝ አይቀመጥም። ወንበር ተደርድሮ እያለ ቆሞ ይለምናል። የልጅቷ አባት "ተቀመጡ" ካለ ልጁን ሰጠ ማለት ነው። እስኪል ድረስ ግን ይቆማሉ።

ይቆማሉ! ሰፋፊ ጋቢ ለብሰው፣ ሦስት ሆነው፣ ይቆማሉ!

ይቺን ሐሳብ ያመጣብኝ ሰይጣን ነው፤ ሌላ ማብራሪያ የለኝም።

"አባቶቼ፣ እዚህ ጋ ቢቆሙልኝ" ብዬ በመስኮቱና በሳሩ መካከል ደረደርኋቸው። ጨረሩ ፊታቸው ላይ ዐረፈ፤ ከኋላቸው ያለው ሳር ጥላ አገኘ። የአለቃ ጋቢ ብቻውን ግማሹን አዳነ!

ጋሼ ሞላ በረንዳው ጥላ ሥር ተቀምጠዋል። ምንም አልሞቃቸውም።

አለቃ "ሰላም ለዝ ቤት" ብለው ጀመሩ። አንድ ዓይናቸው ተጨፈነ። ተከፈተ። ሌላኛው ተጨፈነ።

"አለቃ፣ ይጠቅሱኛል እንዴ?" አሉ ጋሼ ሞላ።

"ኧረ እኔስ ማየትም አልቻልሁ!"

ጋሼ ሞላ ግን ጊዜ መግዛት ነው የፈለጉት። "ለመሆኑ ልጁ የማን ልጅ ነው? እስከ ሰባት ቤት ቁጠሩልኝ" አሉ።

ሰባት ቤት! በዚያ ሙቀት!

ሦስተኛው አያት ላይ ሲደርሱ የአለቃ ግንባር መንጠባጠብ ጀመረ። አራተኛው ላይ መካከል የቆሙት ሽማግሌ አንድ እርምጃ ወደ ግራ ፈቀቅ አሉ። ሳሩ ተጋለጠ! ሮጥ ብዬ ትከሻቸውን ያዝ አደረግሁና፣ በታላቅ አክብሮት፣ መለስኋቸው።

"አባባ፣ ትንሽ ወደ ቀኝ።"

እንደገና ፈቀቅ አሉ። እንደገና መለስኋቸው።

"ልጄ፣ እኔ ሽማግሌ ነኝ ወይስ መጋረጃ?"

እንዴት አወቁብኝ?

አምስተኛው ላይ አለቃ መቻል አቃታቸውና ጃንጥላቸውን ዘረጉ። "ይስጡኝ አለቃ፣ እኔ ልያዝልዎ" ብዬ ተቀበልኋቸው። ሽማግሌዎቹ አስተዳደጌን መረቁ። አክስቴ በኩራት ራሷን ነቀነቀች።

እኔም ጃንጥላውን ዝቅ አድርጌ... ሳሩ ላይ ያዝሁት።

እመኑኝ፣ አላሰብሁበትም። እጄ ነው የሄደው!

ሁሉም ወደ ጃንጥላው ዞሩ።

"ሙሉቀን!" አሉ ጋሼ ሞላ። "ሰውየውን አቃጥለህ ለሳር ጃንጥላ ትይዛለህ?"

በቃ፣ ዘረገፍሁት። መስኮቱን፣ ጨረሩን፣ አንግሉን፣ ለምን እዚያ ጋ እንዳቆምኋቸው ጭምር። መስኮቱን የወለወለው ማን እንደሆነ ብቻ አልተናገርሁም። (ይህን የምታውቁት እናንተ ብቻ ናችሁ። እባካችሁ ሼር አታድርጉት!)

ህይወት በበሩ ስንጥቅ ታየኛለች። ፊቷን አይቼ መሬት ተከፍታ ብትውጠኝ ብዬ ተመኘሁ። መሬቱ ደግሞ ፕላስቲክ ነው!

አለቃ ላባቸውን በጋቢያቸው ጠረጉ። ሳሩን አዩ። መስኮቱን አዩ። እኔን አዩ። አሁን ተቆጥተው ይወጣሉ ብዬ ስጠብቅ ድምፃቸውን ከፍ አደረጉ።

"አቶ ሞላ! ለሳር እንኳ ይህን ያህል የሚሳሳ ቤት ያሳደጋትን ልጅ ሳናገኝ ወዴት እንሄዳለን? አንሄድም። እዚሁ ቆመን እንቃጠላለን!"

ሁለቱ ሽማግሌዎችም "እንቃጠላለን!" አሉ። መካከለኛው እንዲያውም ራሳቸው ወደ ቀኝ ተመለሱ።

ጋሼ ሞላ ደንግጠው ተነሡ። "ኧረ በስመ አብ! በእኔ ግቢ ሰው እንዳይሞትብኝ! ኑ፣ ጥላው ሥር ተቀመጡ!"



ሦስቱም ተቀምጠዋል! በዚያ ዕድሜ እንዲህ ያለ ፍጥነት አይቼ አላውቅም።

"ኧረ... እኔ እኮ ከፀሐዩ ዞር በሉ አልሁ እንጂ..."

"ተቀመጡ ተብለናል፣ ተቀምጠናል" አሉ አለቃ፣ ወንበሩ ላይ እየተመቻቹ። "ቃል ከአፍ ከወጣ ወጣ ነው።"

አክስቴ እልልታዋን ለቀቀችው። ህይወት ከበሩ ኋላ ቁጭ ብላ ሳቅና ለቅሶ ቀላቀለችው። ጋሼ ሞላ ወደ እኔ ዞረው አንድ ጊዜ አዩኝ።

እስካሁን አላናገሩኝም።

ማታውኑ አጎበሩ ተመልሶ ተሰቅሏል። መሰላሉን የያዘችልኝ አክስቴ ራሷ ናት። ዛሬ ያለ አጎበር የምተኛው፣ ትንኝ የምትበላኝ ግን እኔ ነኝ።

ሁሉን ላስደስት ብሎ የሚሮጥ ሰው መጨረሻው ሽማግሌ ማቃጠል ነው። ይህን ከእኔ ተማሩ።

ሽማግሌዎቹ ሲወጡ እስከ በሩ ሸኘኋቸው። አለቃ እጃቸውን ትከሻዬ ላይ አሳረፉና "አንተ ልጅ፣ ያንተ ቀን ሲደርስ ሽማግሌ ሆኜ የምሄድልህ እኔ ነኝ" አሉኝ።

ዓይኔ እንባ አቀረረ።

"ግን ሐምሌ ላይ። ሲዘንብ።"

እንግዲህ ፍቅረኛ የለኝም፤ ሽማግሌ ግን አግኝቻለሁ። ግቢያቸው ውስጥ ትልቅ ዋርካ ያለበት ልጅ የምታውቁ፣ እስቲ ኮሜንት ላይ?