የሰማንያ ሺህ ሴሎች የሥራ መልቀቂያ

ሞትን ከሆስፒታሉ ያባረሩት ክቡር ሥራ አስኪያጁ ናቸው። ከእሳቸው በፊት የነበሩት ከበሽታ ጋር ሲታገሉ ዘመናቸውን ፈጁ፤ እሳቸው ግን ብልህ ናቸውና ነገሩን ከሥሩ ያዙት። በተሾሙ በሳምንቱ መግቢያው ላይ «ዜሮ ሞት» የሚል ጨርቅ አሰቀሉ። ከዚያ ወዲህ እዚያ ቤት ሰው ሞቶ አያውቅም። አንድ ሐሙስ የቀረው በሽተኛ ሲገኝ በባለጎማ አልጋ እየተገፋ እስከ በሩ ይሸኛል፤ መዝገቡ ላይም «በፈቃዱ ወጣ» ተብሎ ይጻፍለታል። ከበሩ ወዲያ የሚሆነው የአስፋልቱ ጉዳይ ነው።

በዚህ ሁሉ ደስታ መካከል ሞት የምትመኝ አንዲት ሴት ብቻ ነበረች፤ የላቦራቶሪው ጠርሙስ አጣቢ። ክፉ ሆና አይደለም። ታናሽ እህቷ ሆዷ ውስጥ ካንሰር ተገኝቶባት ሦስተኛ ፎቅ ተኝታለች። ከእብጠቱ ቆንጥረው ያወጡት ሴል ደግሞ ላቦራቶሪው ውስጥ፣ ክዳን ባላት ጠፍጣፋ የመስታወት ሳህን ላይ እየተቀለበ ነው። መድኃኒቱ ጥቂት ነው፣ ፈላጊው ብዙ። ስለዚህ መጀመሪያ ሳህኗ ላይ ጠብ ይደረጋል። ሴሎቹ ከሞቱ በሽተኛዋ መድኃኒቱን ታገኛለች፤ ካልሞቱ ተራዋ ለሌላ ይሰጣል።

«አንተ ሰው» አለችው አጣቢዋ የላቦራቶሪውን ባለሙያ፣ «ሴል የሚባለው ነገር ምን ሆኖ ነው የሚሞተው?»

«ጤነኛ ሴል ጨዋ ነው፣ እትዬ። ሲያረጅ ወይም ሲበላሽ ‹በቃህ› የሚል ትእዛዝ ይደርሰዋል። ያኔ ዕቃውን ይሸክፋል፣ ራሱን በትንንሽ ጥቅል ያስራል፣ ጎረቤቶቹም ጥቅሉን ወስደው ይገለገሉበታል። ግርግር የለ፣ ቆሻሻ የለ።»

«የእህቴስ?»

«የእህትዎማ ትእዛዙን ሰምተው እንዳልሰሙ የሆኑ ናቸው። ሥራ አይሠሩ፣ ቦታ አይለቁ፤ መራባትና የጎረቤቱን ድርሻ መብላት ብቻ። መድኃኒቱ ያንኑ ትእዛዝ ጆሯቸው ላይ ይጮህባቸዋል።»

«ጩህባቸው እንግዲህ! ጉሮሮህን አትቆጥብ።»

ጮኸባቸው። በሁለት ቀን ሳህኗ ጸጥ አለች። ባለሙያው በአጉሊ መነጽሩ ሦስቴ አይቶ ሪፖርቱ ላይ «የሞቱ፦ ሰማንያ ሺህ» ብሎ ጻፈ። አጣቢዋ የላስቲክ ጓንቷን እንዳጠለቀች እልል አለች፤ በደስታ ሁለት ብልቃጥ ሰበረች። አሁን የቀረው የሥራ አስኪያጁ ፊርማ ብቻ ነው።

ሥራ አስኪያጁ ሪፖርቱን ሲያዩ ከወንበራቸው ተነሡ።

«ሰማንያ ሺህ ሞት? በሁለት ቀን? በማን ዘመን? በእኔ ዘመን!»

«ክቡርነትዎ፣ ሴሎች እኮ ናቸው» አለ ባለሙያው።

«ቢሆኑስ? ከዚህ ግቢ ውጭ ነው የሞቱት?»

«የካንሰር ሴሎች ናቸው። እንዲሞቱ ነው የተፈለገው።»

«ማን ነው የፈለገው? ቃለ ጉባኤ አለ?»

ቃለ ጉባኤ አልነበረም። ሳይንስ ብዙ ቢራቀቅም እንዲህ ያለ ቀዳዳ አያጣውም።

ወዲያው ሰባት አባላት ያሉት የሴሎችን ሞት የሚገታ ግብረ ኃይል ተቋቋመ። ከሰባቱ ሁለቱ አጉሊ መነጽር አይተው ያውቃሉ፤ አንዱ የልብስ ስፌት መኪና መስሎት ፔዳሉን ሲፈልግ ነበር። አቅጣጫ ተቀመጠ፦ ከእብጠቱ ተወስዶ የተረፈው ሴል በአዲስ ሳህን ይቀለብ፣ መድኃኒቱ ይቁም፣ ቀለቡ እጥፍ ይሁን፣ ሙቀቱ እንዳይጓደል። አምስት ቀን ሳይሞላ ሴሎቹ በዝተው ሳህኗ ጠበበቻቸው። ሰብሳቢው ከሳህኗ ጎን ቆመው ፎቶ ተነሡ፣ «ሁላችንም ባደረግነው ርብርብ አንድም ሴል ሳይጎዳ» ብለውም ንግግር አደረጉ። ሪፖርቱ «የሞቱ፦ ዜሮ» ተብሎ ታረመ፤ ሥራ አስኪያጁም በሁለት እስክሪብቶ ፈረሙበት።

ሴሎቹ ተረፉ፣ እንኳን ደስ ያላቸው። ባለቤታቸው ግን ተራዋ ዓርብ ዕለት ለሌላ ሊሰጥ ሆነ። ረቡዕ ጠዋት ነርሷ «በፈቃዷ ወጣች» የሚለውን ቅጽ ይዛ መጣች፤ ባለጎማው አልጋ በር ላይ ቆሟል።

«እኔ የት ልሂድ ብያለሁ?» አለች እህት፣ ድምፅዋ ከትራሱ አልፎ ሳይሰማ።

«የትም አትሄጂ» አለቻት አጣቢዋ። ቅጹን አጥፋ ሽርጧ ኪስ ከተተችና በቦት ጫማዋ ደረጃውን ወረደች።

«ስብሰባ ላይ ናቸው» አለች ጸሐፊዋ።

«እጠብቃለሁ።»

«ነገም ስብሰባ ላይ ናቸው።»

«ነገም እጠብቃለሁ።»

ሥራ አስኪያጁ ለምሳ ሲወጡ በሩ ላይ እንደ መወርወሪያ ተጋርጣ አገኟት።

«ጌታዬ፣ እነዚያ ሞቱ የተባሉት ሰማንያ ሺዎቹ አልሞቱም።»

«እንዴት አልሞቱም?»

«ትእዛዝ መጣላቸው። ዕቃቸውን ሸከፉ፣ ራሳቸውን ጠቀለሉ፣ ቦታውን ለቀው ሄዱ። አንድም የተጨቃጨቀ የለም። እኔ አልተማርኩም፤ እርስዎ የተማሩት ይንገሩኝ፣ እንዲህ ያለው ነገር በእርስዎ መዝገብ ምን ይባላል?»

ሥራ አስኪያጁ ጣሪያውን አዩ። ፊታቸው ቀስ እያለ በራ።

«በፈቃድ መልቀቅ!»

«አፌ ቁርጥ ይበልልዎ! ቃሉ ጠፍቶኝ ነው እኮ እዚህ የተገተርኩት።»

ምሳቸውን ትተው ተመለሱ። የመጀመሪያውን ሪፖርት አስመጥተው «የሞቱ» የሚለውን በገዛ እጃቸው ሰረዙና «በፈቃዳቸው የለቀቁ፦ ሰማንያ ሺህ» ብለው ማኅተም መቱበት። የዚያኑ ዕለት ከሰዓት መድኃኒቱ በእህት ክንድ ገባ።

ነገሩ እዚህ ላይ ባበቃ ነበር። በወሩ ግን ከበላይ መሥሪያ ቤት ደብዳቤ መጣ፦ «ሰማንያ ሺህ ባልደረቦች በፈቃዳቸው መልቀቃቸውን በሐዘኔታ ተገንዝበናል። አገልግሎቱ እንዳይስተጓጎል ክፍት መደቦቹ በአስቸኳይ ይሟሉ።» ሦስት መቶ ሰው የሚሠራበት ቤት ሰማንያ ሺህ ሰው ከየት አምጥቶ አጣ ብሎ የጠየቀ የለም። ማኅተሙ ደህና አርፏላ!

ሥራ አስኪያጁ ትእዛዝ አክባሪ ናቸው። ከሚስታቸው ወንድም ጀመሩ። የሚስታቸው ወንድም ረዳት አስፈለገው፤ ረዳቱ አስተባባሪ፣ አስተባባሪው የአክስቱን ልጅ። ኮሪደሩ በኮምፔንሳቶ ተሸነሸነ። ሁለተኛ ፎቅ የነበሩት በሽተኞች ደረጃ ሥር ተዛወሩ። የጠርሙስ ማጠቢያው ገንዳ ላይ ሳንቃ ተጋድሞ የአንድ ምክትል ጠረጴዛ ሆነ፤ አጣቢዋም ጠርሙሶቿን ሽንት ቤት ማጠብ ጀመረች።

በስድስተኛው ወር እብጠቷ የሟሸሸላት እህት በእግሯ መጥታ የመዳን ወረቀቷን ታስፈርም ጀመር። አሥራ ዘጠነኛው ቢሮ በር ላይ ስትደርስ ግድግዳውን ተደግፋ ቆመች።

«እታለም፣ ይሄ ሁሉ ሰው ምን ይሠራል?»

«ይራባል።»

«ውይ! ‹በቃህ› የሚለው የለም?»

«ተብሏል። ሰምቶ እንዳልሰማ ሆነ።»

«ኧረ ለዚህም መድኃኒት ይፈለግለት!»

«ያ ባለሙያ የሆነ ነገር ጀማምሯል አሉ» አለች አጣቢዋ፣ ወረቀቱን ተቀብላ ወደ ሃያኛው ቢሮ እየመራቻት። «ግን ሳይፈቀድ ጠብ አይደረግም፤ የሚፈቅዱት ደግሞ እነሱ ናቸው።»