የመንጋጋ ጥርስ የሚያውቀው

ያልጠረጠረ ተመነጠረ ይላል ያገራችን ሰው። እኔም ከተመነጠሩት ላለመቆጠር ዕድሜ ልኬን ስጠረጥር የኖርኩ ደብረ ታቦሬ ነኝ። ብር የሚለምናችሁ ሰው ምን እንደሚፈልግ ይታወቃል፤ ሰጥታችሁት ወይም «እግዜር ይስጥህ» ብላችሁት ትገላገላላችሁ። የማይረባ ነገር የሚለምናችሁን ነው መፍራት።

ጓሮ ያለችውን ክፍል የተከራየችኝ ወጣት ዶክተር የምትለምነው የወለቀ ጥርስ ነበር። ሐኪም አይደለችም፤ የዩኒቨርሲቲ ዶክተር ናት። ጧት ጉና ተራራ ወጥታ ጭላዳ ዝንጀሮ ስታይ ትውላለች፤ ስትመለስ የሰፈሩን ልጆች የወተት ጥርስ ትሰበስባለች። እኛ ዘንድ የወለቀ ጥርስ ጣራ ላይ ይወረወራል እንጂ ለማን ይሰጣል? አንዱ ለመድኃኒት ነው አለ፣ ሌላው ለመተት። እኔ ደፈር ብዬ ጠየቅኋት። የሰውን ዘር አመጣጥ እንደምታጠና ነገረችኝ። ዘር ስትል ዓይኔ ሳላዝዘው ወደ አጥሩ በር ሄደ። በዚህ ዘመን ዘር የሚጠይቅ ሰው ቤታችሁ ቢገባ እናንተስ በሩን አታዩም? ድምፄን ዝቅ አድርጌ የማንን ዘር አልኳት። የሁላችንንም አለችኝ። ይሄማ ባሰ።

ጎረቤቴ እማዋይሽ ዓረብ አገር ሠርታ ተመልሳ ገበያው ዳር ልብስ ትሸጣለች። የልጇ የመንጋጋ ጥርስ በወለቀ ማግስት ጥርሱን በወረቀት ጠቅልላ፣ ልጅቱን አስከትላ መጣች። ከመስጠቷ በፊት ግን ይኼ ጥርስ ምን ይናገራል ብላ ጠየቀች፤ እንደኔው ጠርጣራ ስለሆነች እወዳታለሁ። ዶክተሯ ደስ ብሏት ታስረዳ ጀመር። ጥርስ የሚያድገው ድርብርብ እየሆነ ነው፤ ሕፃኑ መቼ ጡት እንደተወ እዚያው ላይ ምልክቱ ይቀራል፤ የጭላዳዋም ግልገል እንዲሁ፤ ሁለቱን አስተያይቶ የሰው አስተዳደግ በምን እንደተለየ ማወቅ ይቻላል።

እማዋይሽ ወረቀቱን ጨብጣ እጇን ወደ ኋላ መለሰች።

ሰፈሩ ሁሉ የሚያውቀው ነገር አለ። እማዋይሽ ልጇን ለአያቷ ትታ ዓረብ አገር የሄደችው ልጅቱ ገና መቀመጥ ስትጀምር ነው። ከተመለሰች ወዲህ ግን «ድክ ድክ እስክትይ አጥብቼሻለሁ» እያለች ነው የምትነግራት፤ እኛም ለጉርብትና ስንል አፋችንን ይዘናል። አሁን ጥርሱ ሊያጋልጣት ነው። ተከራዬን ከነዝንጀሮዋ ባስወጣት ደስ ባለኝ።

«ዝንጀሮዋ ልጇን ጥላ ትሄዳለች?» አለች እማዋይሽ።

«አትሄድም» አለች ዶክተሯ። «ብትሄድ ግልገሏ ይሞታል። የሰው ልጅ ግን ጡት ከተወም በኋላ ለብዙ ዘመን ራሱን አይችልም። አያት፣ አክስት፣ ጎረቤት ነው አብሮ የሚያሳድገው። ሰው ካደረጉን ነገሮች አንዱ ይኼ ሳይሆን አይቀርም ይባላል።»

እማዋይሽ ትክ ብላ አየቻት። «ይኼ ተጽፎ ነው ወይስ ለኔ ብለሽ ነው?»

«ተጽፏል።»

«እንግዲያስ ለልጄ ንገሪያት። እኔ የነገርኳት ሌላ ነው።»

ልጅቱ የእናቷን ቀሚስ ያዝ አደረገች። «አውቃለሁ እኮ፤ አያቴ ነግራኛለች። እንዳይከፋሽ ብዬ ነው ዝም ያልኩ።»

እማዋይሽ አለቀሰች፤ ጥርሱንም ሰጠች። እኔን ግን እስካሁን የሚከነክነኝ፣ ሰፈር ሙሉ ሰው ያን ሁሉ ዘመን አፉን ይዞ የኖረው ከማን ደብቆ እንደሆነ ነው።